ማርያም የሚለውን ስም ለሴት ልጅ ሲመርጡ፦ ከወለተ ማርያም እስከ መርየም

የማርያምን ስም ለሴት ልጁ ሊሰጥ ያሰበ ቤተሰብ ብዙ አማራጭ ይጠብቀዋል፤ ወለተ ማርያም፣ አመተ ማርያም፣ ጽጌ ማርያም፣ አስካለ ማርያም፣ ማርያማዊት፣ መርየም፣ ሚርያም፣ ማሪያ፣ ሜሪ። ሁሉም ከአንድ ስም የተቀዱ ቢሆኑም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ወለተ ማርያም ለቍርባን ሲጠራ ቦታው ነው፤ ፓስፖርት ላይ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሜሪ ለፈረንጅ ጆሮ ይቀላል፤ ለክርስትና ስምነት ግን አይሆንም። ስለዚህ የትኛው ያምራል ከማለት በፊት ስሙ በዋናነት የት እንደሚጠራ ይለይ፦ በመቅደስ፣ በመዝገብ ወይስ በቤት። ለሦስቱም አንድ ስም መያዝ ይቻላል። ለየራሳቸው መስጠትም የቆየ የአገራችን ልማድ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚሻለው እሱ ነው።

ቀኑን አስቀድማችሁ ቁጠሩ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የክርስትና ስሟም የሚታወቀው ያን ቀን ነው። በሌላ በኩል የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ክርስትናውን ጠብቆ ስም ለማውጣት ያሰበ ቤተሰብ እንግዲህ የሚቀረው 10 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ላይ በዓል፣ ቅዳሜና እሑድ፣ የአባት ወይም የእናት መታወቂያ ጊዜ ማለፍ ሲጨመር ቀኑ ያልቃል፤ ስሙም በጥድፊያ፣ በጸሐፊው አሰማም ይጻፋል። የመዝገቡ ስም ከክርስትናው በፊት ቢወሰን ይሻላል። የክርስትናው ስም በራሱ ጊዜ ይምጣ።

አሜሪካ የሚወልዱ ወላጆች ጊዜያቸው ከዚህም ያነሰ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሚሠራበትን ቅጽ ሆስፒታሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስሞላው እናትየው ከመውጣቷ በፊት ነው። በሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ስም ማውጣትና አቂቃ (ለተወለደው ልጅ የሚደረገው እርድ) በተለመደው አሠራር በ7ኛው ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ ይህ የጊዜ ግጭት አይነካቸውም።

ማርያም ብቻውን

በኦርቶዶክስ ቤት ማርያም ያለ ቅጽል ለልጅ መስጠት ብዙም አልተለመደም። የሚከለክል ጽሑፍ ስላለ ሳይሆን ስሙ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ነገር ስለሚጠራ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ከበው የሚቆሙት «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። የሚምለው «ማርያምን!» ይላል። ዝናብ አባርቶ ሰማይ ላይ የሚዘረጋው የማርያም መቀነት ነው። የተጨነቀ ሰው የሚለምነው ማምለጫ የማርያም መንገድ ነው። ይህ ሁሉ በሚጠራበት ቤት ውስጥ «አንቺ ማርያም፣ ሳህኑን አንሺ» ማለት ለአያቶች ጆሮ ይከብዳል። ልጅ መቆጣት፣ ማሾፍ፣ በስም መሰዳደብ ያለ ነገር ነው፤ ስሙ ለዚያ እንዳይውል ነው ጥንቃቄው።

ይህን ያሰቡት የእኛ ሰዎች ብቻ አይደሉም። አየርላንዶች በቋንቋቸው የእመቤታችንን ስም በአንድ አጻጻፍ፣ የተራዋን ሴት ስም በሌላ አጻጻፍ ለይተው ይዘዋል። ስፔኖች ማሪያን ቢሰጡም ከጎኗ የበዓል ወይም የምሕረት ስም ይጨምሩና ልጅቷን በተጨመረው ይጠሯታል፤ መርሴዴስ፣ ፒላር፣ ዶሎሬስ የሚሉት ሁሉ እንዲህ የመጡ ናቸው።

በካቶሊክና በወንጌላውያን ቤተሰቦች፣ እንዲሁም በሙስሊሞች ዘንድ ይህ ስስት የለም ወይም ቀለል ያለ ነው። እናንተ ኦርቶዶክስ ሆናችሁ ማርያምን ለብቻው ለመዝገብ ከፈለጋችሁ የሚያግዳችሁ ሕግ የለም። ነገር ግን አያትና አክስት በሌላ ስም መጥራታቸው አይቀርም፤ የመዝገቡ ስም ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ወለተ፣ አመተ እና ሌሎቹ፦ የመቅደሱ ስም

የክርስትና ስም ግእዝ ነው፤ ሁለት ቃል ተናቦ ይቆማል። ለሴቶች በብዛት የሚሰጠው ወለተ ማርያም ነው፤ የማርያም ልጅ። አመተ ማርያም የማርያም አገልጋይ ማለት ነው፤ ለወንዶች ከሚሰጠው ገብረ ማርያም ጋር ትይዩ ነው። ወለተም ከወልደ ጋር ትሄዳለች። መንትያ ወንድና ሴት ሲወለዱ ገብረ ማርያምና አመተ ማርያም፣ ወይም ወልደ ማርያምና ወለተ ማርያም ቢባሉ ሚዛናቸው የተጠበቀ ነው።

ከነዚህ ሁለቱ ወዲያ ያሉት ውበትና ፍቅር የሚናገሩ ናቸው፦ ፍቅርተ ማርያም፣ ጽጌ ማርያም፣ አስካለ ማርያም፣ ሥነ ማርያም፣ ጸዳለ ማርያም፣ እኅተ ማርያም። ከእ.ኤ.አ. 1916 እስከ 1930 የነገሡት ንግሥት ዘውዲቱ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነበር፤ አስካል የወይን ዘለላ ነው። ፒያኖ በመድረስና በመጫወት የታወቁት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ ሲወለዱ የውብዳር ነበሩ። ጽጌ ማርያም የተባሉት በምንኵስና ነው። ምንኵስና አዲስ ስም ስለሚሰጥ ለዓለም ስም የተመረጠው ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።

የትኛውን መምረጥ? ካህኑ የተወለደችበትን ወይም ክርስትና የምትነሣበትን ዕለት፣ የደብሩን ታቦት፣ የወላጆችንም ምኞት አይቶ ነው የሚሰይመው። ምኞታችሁን ከቀኑ በፊት ንገሩት፤ ቅዳሴው ውስጥ ተሰልፎ ለመንገር ጊዜ የለም። የማርያም ወርኃዊ በዓል በ21 ነው። በዓመት ደግሞ ልደታ ግንቦት 1፣ ጽዮን ኅዳር 21፣ አስተርእዮ ጥር 21፣ ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16፣ ፍልሰታ ነሐሴ 16፣ ግሸን መስከረም 21 ይውላሉ። የጽጌ ወራት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ በዚያ ለተወለደች ጽጌ ማርያም ይስማማታል።

ውጭ አገር ያላችሁ ቀኑን ስታመሳክሩ ተጠንቀቁ። ኅዳር 21 ብዙውን ጊዜ ከፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ጋር ይገጥማል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ዲሴምበር 1 ላይ ይውላል። ከመስከረም እስከ የካቲት አጋማሽ ድረስ ያሉት በዓላት ሁሉ በዚያ ዓመት አንድ ቀን ይገፋሉ፤ ግንቦት 1 ግን ሁልጊዜ ሜይ 9 ነው። «በማርያም ቀን ተወለደች» ተብሎ ስም ከወጣ በኋላ ልደቷ በ20 ወይም በ22 ሆኖ የሚገኘው በዚህ ሒሳብ ነው።

አጻጻፉ ላይ በብዛት የሚሳሳተው አመተ ነው። በአልፋው «አ» ይጻፋል። በዓይኑ «ዓ» ከተጻፈ ዘመን ወደሚለው ቃል ይሄዳል፤ የክርስትና ካርድ ላይ እንዲህ ተጽፎ ሲገኝ ወዲያው ማሳረም ነው። ሌላው ስሕተት የመጀመሪያውን ቃል ሳያናብቡ ወለት ማርያም፣ ፍቅርት ማርያም ማለት ነው። መጨረሻው ግእዝ ፊደል ይሁን፦ ወለተ፣ ፍቅርተ፣ አስካለ። ጽጌ ግን በራሱ ስለሚናበብ አይለወጥም። ጽጌና ጸዳል በጸሎቱ «ጸ» ነው የሚጻፉት፤ እኅት በብዙኃኑ «ኅ»። ኪዳነ ማርያምን ለሴት ከመስጠታችሁ በፊት አስቡበት፤ በብዛት የወንድ ስም ሆኖ ስለሚታወቅ የሥራና የትምህርት ቤት ዝርዝር ላይ «አቶ» እየተባለች ትኖራለች።

የክርስትና ስም የሚጠቅመው ለቍርባን፣ ለንስሐ፣ ለተክሊል፣ ለጸሎትና ለፍትሐት ነው። እናት ወይም የክርስትና እናት ብቻ የምታውቀው ከሆነ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ለልጅቷም ነፍስ ስታውቅ ይነገራት። ይህን ስም ለማንም አለመናገር የሚወዱ ቤተሰቦች አሉ። እነርሱ ወለተ ማርያምን የመዝገብ ስም ባያደርጉት ይመረጣል፤ መዝገብ ላይ የወጣ ስም አይደበቅም።

አንድ ቃል ወይስ ሁለት ቃል

ለመዝገብም ወለተ ማርያምን ወይም ጽጌ ማርያምን የመረጠ ቤተሰብ ትልቁ ውሳኔው ይህ ነው፤ ብዙው ችግር የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ልጅቷ ወለተ ማርያም፣ አባቷ ተስፋዬ፣ አያቷ በቀለ ናቸው እንበል። ቅጹ ላይ ሦስት ክፍት ቦታ አለ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ጸሐፊው ወረቀቱን እያየ ከግራ ወደ ቀኝ ይሞላል፦ ወለተ፣ ማርያም፣ ተስፋዬ። በቀለ ከወረቀቱ ወጣ፤ ማርያም የአባት ስም ሆነ። የሚቀጥለው መሥሪያ ቤት ይህን ያርምና በትክክል ይጽፋል፤ አሁን ሁለት ማስረጃ በእጇ ይዛለች፣ ሁለቱም አይጣጣሙም። ውጭ አገር ሲደረስ ደግሞ የመካከለኛ ስም ቦታ ላይ የወደቀው ማርያም በአንድ ፊደል ይታጠፋል ወይም ጭራሽ ይተዋል፤ ክፍል ውስጥ «ወለተ» ተብላ ትጠራለች። ወላጆች ሊሰጧት የፈለጉት ስም ራሱ ነው የጠፋው። አባትየውም ገብረ ማርያም ወይም ኃይለ ማርያም ከሆነ ይብሳል፤ ወለተ ማርያም ገብረ ማርያም ወልደ ማርያም ስድስት ቃል ነው፣ ሦስት ቦታ ላይ አይገባም።

መፍትሔው አጋጥሞ መጻፍ ነው፦ ወለተማርያም፣ ጽጌማርያም፣ አስካለማርያም። በአማርኛውም በላቲኑም ያለ ክፍተት ይጻፍ። ጭረት አያድንም። ፓስፖርት ግርጌ ላይ በማሽን የሚነበቡት ሁለት መስመሮች የሚሠሩት በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ነው፤ በዚያ ደንብ ክፍተትም ጭረትም ወደ አንድ ዓይነት መሙያ ምልክት ይለወጣሉ። አየር መንገዱ ኮምፒውተር ላይ በጭረት የተጻፈው ስም ሁለት ስም ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ርዝመቱ አያስጨንቅ፤ ለስም የተመደበው ቦታ 39 ምልክት ይይዛል፣ ወለተማርያም በላቲን 12 ፊደል ነው።

በትግራይና በኤርትራ ይህ ነገር ድሮ ተፈትቷል። ወለተ አጥራ ለተ ሆናለች፤ ለተማርያም፣ ለተብርሃን፣ ለተኪዳን እየተባለ በአንድ ቃል ይጻፋል። ማንም ለሁለት አይከፍለውም።

ከጭረትም የከፋ አለ፤ እዝባር። ገ/ማርያም፣ ኃ/ማርያም፣ ወ/ማርያም ብሎ ማሳጠር በየቢሮው የተለመደ ነው። ወ/ማርያም ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም ሆኖ ይነበባል፤ ጾታዋ ሳይቀር ይቀየራል። ኃ/ማርያምም ኃይለ ወይስ ኃብተ እንደሆነ አይለይም። አንዴ የትምህርት ማስረጃ ላይ በእዝባር ከተጻፈ በእንግሊዝኛው ትራንስክሪፕትም «ደብሊው እዝባር ማርያም» ሆኖ ይወጣል፤ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ይህን ከፓስፖርቱ ጋር አያገናኘውም። ከ1ኛ ክፍል ምዝገባ ጀምሮ ሙሉው እንዲጻፍ ጠይቁ። የክፍል ስም ጥሪ ላይ ቢያሳጥሩት ግድ የለም፣ ሰርተፊኬት ላይ ግን አትፍቀዱ።

ማርያማዊት እና በቅጽል የሚመጡት

በአንድ ቃል የማርያምን ስም የሚያሳይ፣ የሴት መሆኑም የማያጠራጥር የመዝገብ ስም የሚፈልግ ማርያማዊትን ይያዝ። በእኛ ሚዛን ለመዝገብ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። አይከፈልም፤ በእዝባር አይጻፍም፤ ሲቆላመጥ ማርያ፣ ማሪ፣ ማርዬ ይሆናል። ውጭ አገር ያደገችው ልጅ ማሪያ ተብላ ብትጠራ ከስሟ አልወጣችም። ችግሩ ሁለት ነው። በፍጥነት ሲነገር «ማሪያማዊት» ስለሚባል ጸሐፊ በሰማው ይጽፈዋል፤ ፊደሉን ቁማችሁ አስጽፉ። ሌላው፣ አባቷ ኃይለማርያም ከሆነ «ማርያማዊት ኃይለማርያም» ድግግሞሹ ጆሮ ላይ ይጋጫል። እንዲህ ላለው ቤት የሚከተሉት ይሻላሉ።

ቤዛዊት፣ ኪዳን፣ ምሕረት፣ ጽዮን፣ ጽጌ፣ እመቤት የማርያምን ስም ሳይጠሩ እሷን የሚያስታውሱ ናቸው። ቤዛዊት ቤዛዊተ ዓለም ከሚለው፣ ኪዳንና ምሕረት ከኪዳነ ምሕረት ይመጣሉ። ኪዳነምሕረትን ሙሉውን መስጠትም አለ፤ ግን የወለተ ማርያምን የአንድ ቃልና የሁለት ቃል ጣጣ ሁሉ ይወርሳል። ከነዚህ መካከል ግንኙነቱ በግልጽ እንዲታይ የሚፈልግ ጽዮንን ወይም ቤዛዊትን፣ እንዳይታይ የሚፈልግ ምሕረትን ይምረጥ። ምሕረት በየትኛውም ሃይማኖት ቤት የምትገባ ስም ናት። እመቤትን የሚያወጣ ቤተሰብ ደግሞ ሁሉም ሰው እመቤታችንን እንደማያስብ ይወቅ፤ ለብዙው ሰው የተከበረች ሴት ማለት ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ የዓለም ስም ናቸው። ልጅቷ ማርያማዊት ብትባልም ለክርስትናዋ ሌላ ስም ይሰጣታል። ማርያማዊትን ለመዝገብ፣ ወለተ ማርያምን ለመቅደስ መያዝ ከሁሉ የተስተካከለ ጥምረት ነው፤ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል፣ ማንም አይምታታበትም።

መርየም

በሙስሊም ቤት ስሙ ሳይቀጠል፣ ሳይናበብ ይሰጣል። የቁርኣን 19ኛ ሱራ በስሟ የተሰየመ ሲሆን 98 አንቀጾች አሉት። በቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራች ሴት መርየም ብቻ ናት፤ ስሟም 34 ጊዜ ተጠቅሷል። ስለዚህ ለልጅ መስጠቱ ክብር ነው እንጂ ድፍረት አይደለም።

ምርጫው ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። በአማርኛ መርየም፣ መሪየም፣ ማሪያም ተብሎ ይጻፋል። መርየም ከዐረብኛው አነባበብ ጋር ይሄዳል፣ ከክርስቲያኑ ማርያምም ይለያል፤ እሱን ብንመርጥ ይሻላል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም እምነት ካለ ማርያምና መርየም የሚለያዩት በአናባቢ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ወገን በየራሱ መጥራት ይችላል። መዝገቡ ላይ ግን አንዱ ብቻ ይግባ።

ወደ ዐረብ አገር ለምትሄድ ሴት ከፓስፖርቷ ላይ ማርያም ወደ ዐረብኛ ሲገለበጥ አራት ፊደል ይሆናል፤ ሚም፣ ራ፣ ያ፣ ሚም፤ መርየም ተብሎም ይነበባል። ወለተማርያም የተባለችውም አሠሪዎቿ ዘንድ መርየም ተብላ መጠራቷ የተለመደ ነው። የቤት መጠሪያው እንደፈለገ ይሁን፤ ገንዘብ ስትልክና ውል ስትፈርም ግን ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ብቻ ይጻፍ። ወደ አገር ቤት የተላከ ገንዘብ «መርየም» ከሚል ስም መጥቶ መታወቂያው ወለተማርያም ካለ መንገድ ላይ ይቆማል።

ሚርያም፣ ማሪያ፣ ሜሪ

ሚርያም የዕብራይስጡ አነባበብ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሙሴና የአሮን እኅት ማርያም ተብላ ነው የተጻፈችው (ዘጸአት 15፥20)፤ ሚርያም የሚለው መልክ ወደ እኛ የገባው ከውጭ ነው። በእስራኤል ለሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ስሟ የሙሴን እኅት እንጂ ሌላ አያስታውስም። በዕብራይስጥ በተለመደው አጻጻፍ አናባቢ ስለማይጻፍ ሜም፣ ሬሽ፣ ዮድ፣ ሜም ተብሎ የተጻፈውን ሰው ሁሉ ሚርያም ብሎ ያነበዋል። «ማርያም» ተብላ እንድትጠራ የምትፈልጉ ከሆነ በየቦታው ማረም ይጠብቃችኋል።

ማሪያ በአውሮፓ፣ በተለይ በጣሊያን፣ በስፔንና በጀርመን የትም ሳይታረም ይሄዳል። ሜሪ እንግሊዝኛ ነው፤ ለቤት መጠሪያ ይበቃል፣ ለመዝገብ ግን ማርያማዊትን የመሰለ ስም ቤት ውስጥ እያለ ሜሪን ማስቀደም አያስፈልግም። ጆርጂያውያንና አርመኖች ደግሞ ማርያምን በእኛው አጠራር ለሴቶች ይሰጣሉ፤ ከነርሱ መካከል ያለች ልጅ ስሟን ማስረዳት አያስፈልጋትም።

በላቲን ፊደል ስታስጽፉ መካከል ላይ ያለው «ያ» የሚጻፍበት ፊደል ይወሰን፤ በ«አይ» ወይስ በ«ዋይ»። በኢትዮጵያ የተለመደው ኤም፣ ኤ፣ አር፣ አይ፣ ኤ፣ ኤም ነው። በዋይ የተጻፈው በዐረብና በኢራን በብዛት ይታያል። «አይ»ንም «ዋይ»ንም አስገብቶ በሰባት ፊደል መጻፍ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ከሁለቱም ጋር አይገጥምምና። ወላጆች ወይም ታላላቅ ወንድሞች ስማቸው ውስጥ ማርያም ካለ፣ ለምሳሌ አባቷ ኃይለማርያም ከሆነ፣ የእሱ ፓስፖርት ላይ በተጻፈበት ፊደል የእሷም ይጻፍ። አባትና ልጅ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ፊደል ሲይዙ ዝምድናቸውን የሚጠይቅ ቪዛ ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ያስጠይቃል።

ማርያም የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

ማርታ የተለየ ስም ነው፤ በወንጌል የአልዓዛር እኅት ናት፣ ማርያም የምትባለውም ሌላዋ እኅቷ ናት። ማሪቱ፣ ማሬና ማርዬ የሚሉት ብዙውን ጊዜ የመጡት ከማር ነው፤ ማርዬ ግን ለማርያማዊት ማቆላመጫም ይሆናል። በማርያም ስም ሰየምን ብለው ማሪቱ የሚያወጡ ካሉ ስሙ ጥሩ ስም ነው፣ ያሰቡትን ግን አይናገርም።

ከመጻፋችሁ በፊት፣ ከተሳሳተም በኋላ

ወደ ምዝገባው ስትሄዱ ስሙን በአማርኛና በላቲን ትልቅ ፊደል በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። በቃል አትንገሩ። ጸሐፊው ሞልቶ ሲያሳያችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ወለተማርያም በአንድ ክፍት ቦታ ላይ ገብቷል ወይ፣ የአያት ስም አለ ወይ፣ እዝባር አለ ወይ። ማተም ከመጀመሩ በፊት ማረም የደቂቃ ሥራ ነው።

ከታተመ በኋላ የጽሕፈት ስሕተትን ማስተካከል ማስረጃ ይጠይቃል፤ ስሙን መለወጥ ደግሞ እስከ ፍርድ ቤት ያደርሳል። ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጀምሩ፣ የሌሎቹ ምንጭ እሱ ነውና። ከዚያ ፋይዳና መታወቂያ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻ ፓስፖርት። ፓስፖርቱን አስቀድሞ አርሞ ልደቱን መተው ቪዛ ሲጠየቅ ያንኑ ልዩነት መልሶ ያመጣል። የክርስትና ካርድ ላይ ወለተ ማርያም፣ ልደቱ ላይ ማርያማዊት የተባለች ልጅ ግን የምታርመው ነገር የላትም፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያኑ በማኅተም የሚጽፈው ደብዳቤ ይበቃታል። ደብዳቤው ላይ የእናትና የአባት ሙሉ ስም፣ የተወለደችበትና ክርስትና የተነሣችበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።